ጎጆ፣ ሻፌታ፣ እርግብ፦ የመለያየትን ድምፅ እንደ ጽሑፍ ማንበብ

አንድ ልቦለድ በጥቂት ሺህ ቅጂ ይታተምና ሃያሲው ሲነታረክበት ይከርማል። በሚሊዮን ቅጂ የሚታተም፣ በአንድ ቀን ተነብቦ የሚያልቅ፣ የአገር ካርታ የሚቀይር ጽሑፍ ግን አለ፤ እሱን ሃያሲ ዞር ብሎም አያየው። የሕዝበ ውሳኔ ወረቀት ማለቴ ነው። አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ምርጫ፣ አንዳንዴም ሁለት ሥዕል። ከግጥም ያጠረ ነው። ይሁን እንጂ ደራሲ አለው፣ የተመረጠ ቃል አለው፣ ሆን ተብሎ የተተወ ቃልም አለው። እዚህ ላደርግ የፈለግሁት ይህንኑ ወረቀት፣ በዙሪያው ከሚነሣው ጭቅጭቅ ጋር፣ እንደ ማንኛውም የጽሑፍ ሥራ ማንበብ ነው። «የሕዝብ ውሳኔ ነውና ይከበር» የሚለው አባባል ማንበብን አይከለክልም። እንዲያውም የሚከበር ነገር በደንብ ሊነበብ ይገባዋል።

ከሥዕሉ እንጀምር። ኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝብ ከደቡብ ክልል ወጥቶ የራሱን ክልል ይመሥርት እንደሆነ ሲጠየቅ ወረቀቱ ላይ ሁለት ምልክት ነበር። ክልል ይሁን ለሚለው ሻፌታ፣ በደቡብ ክልል ይቀጥል ለሚለው ጎጆ። ሻፌታ ሲዳማ ምግብ የሚያቀርብበት ባህላዊ ገበታ ነው፤ ሰው ከብቦት ይበላል። ጎጆን ማስረዳት አያስፈልግም። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ጥር 29 ቀን 2015፣ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች አንድ ላይ አዲስ ክልል ይመሥርቱ እንደሆነ ሲጠየቁ ደግሞ ነጭ እርግብና ጎጆ ቀረቡ። እርግቧ ለአዲሱ፣ ጎጆው ለነባሩ። ሁለቱም ጊዜ ጎጆ የመቅረት ምልክት ሆነ፤ ሁለቱም ጊዜ ተሸነፈ።

አማርኛ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። «ጎጆ ወጣ» ስንል እኮ ከወላጆቹ ቤት ተለየ፣ ራሱን ቻለ፣ ትዳር ያዘ ማለታችን ነው። «ጎጆ ቀለሰ» ስንልም እንደዚያው። በቋንቋችን ጎጆ ለሚሄደው የተሰጠ ቤት ነው፤ ለሚቀረው አይደለም። ወረቀቱን ያዘጋጁት ሰዎች ጎጆን ሲመርጡ ያሰቡት «ቤታችሁ፣ የነበራችሁበት» የሚለውን ይሆናል፤ ቃሉ ግን ከእነሱ አስቀድሞ ሥራውን ጨርሶ ነበር። በሌላ በኩል ሰው ተሰብስቦ የሚበላበት ገበታ የመለየት ምልክት ሆነ። እንግዲህ መራጩ በዚህ ተሳስቶ ድምፁን በተቃራኒው ሰጠ አልልም፤ ሲዳማ የሚፈልገውን አውቆ ነው የመረጠው፤ ውጤቱም 98.51 በመቶ ነው። የምለው ሌላ ነው። መለያየትን የምንናገርበት ቋንቋ ወረቀቱ ከሚያውቀው በላይ ሀብታም ነው፤ ክርክራችን የሚበላሸውም ከዚህ ሀብት ውስጥ ሁልጊዜ ክፉውን ቃል እየመረጥን ስለምንናገር ነው።

አማርኛ ለመለየት ቢያንስ ሦስት ቃል አለው። አንደኛው «መገንጠል» ነው። የሚገነጠለው ቅርንጫፍ ነው፤ የበር ማጠፊያ ነው። የተገነጠለ ነገር ይደርቃል፣ የተገነጠለበትም ይቆስላል። ግሡ ራሱ ፈርዶ ጨርሷል። ሁለተኛው «ፍቺ» ነው። ፍቺ ቢያንስ ሁለት ሰው አለበት፣ ሽማግሌ አለበት፣ የንብረት ክፍፍል አለበት። ሦስተኛው «ጎጆ መውጣት» ነው፤ ምርቃት ያለበት መለየት። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ከእነዚህ የመጀመሪያውን መረጠ፤ የራስን ዕድል በራስ የመወሰንን መብት እስከ መገንጠል ወሰደው። ስምንት አንቀጽ ወረድ ብሎ አንቀጽ 47 አንድ ሕዝብ ከነበረበት ክልል ወጥቶ የራሱን ክልል ስለሚያቋቁምበት ሥርዓት ሲናገር ግን «መመሥረት» ይላል። ነገሩ በባህሪው አንድ ዓይነት ነው፤ ከአንድ የጋራ ቤት መውጣት። በአንዱ ቅርንጫፍ ይሰበራል፣ በሌላው መሠረት ይጣላል። ከ1987 ወዲህ ያለው ጭቅጭቅ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ግሦች መካከል ይንገላታል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ያልተጻፈው ጥያቄ

የወረቀት ንባብ ለምን ቁም ነገር እንደሆነ ከኤርትራ ጉዳይ በላይ የሚያስረዳ የለም። ሚያዝያ 15 ቀን 1985 ጀምሮ ለሦስት ቀን ኤርትራውያን ድምፅ ሰጡ። 1,100,260 ሰው «አዎ» አለ፤ 1,822 ሰው «አይደለም» አለ። በመቶኛ 99.83 መሆኑ ነው። ግንቦት 16 ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች።

እዚህ አገር ስለዚያ ቀን ሲወራ አንድ ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ። ቡና ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ በታተመ ጽሑፍም ቢሆን፦ «ሕዝቡ እኮ ባርነት ወይስ ነጻነት ተብሎ ነው የተጠየቀው፤ ማን ባርነትን ይመርጣል?» ይባላል። ጥሩ አባባል ነው፣ አፍ ውስጥ ይሞላል። ችግሩ ወረቀቱ ላይ አለመኖሩ ነው። ወረቀቱ የጠየቀው ኤርትራ ነጻና ሉዓላዊ አገር እንድትሆን ትስማማለህ ወይ ብሎ ነው፤ መልሱም አዎ ወይም አይደለም። «ባርነት» የሚለው ቃል የቅስቀሳው እንጂ የወረቀቱ አልነበረም።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ትልቅ ነው። ወረቀቱ ላይ ባርነት ተጽፎ ነበር ካልን 1,100,260 ሰው ተታልሎ ወይም ተገድዶ ነው ማለታችን ነው፤ ስለዚህ ያን ሁሉ ሕዝብ ለምን እንዲያ እንዳለ መጠየቅ አያስፈልገንም። ከመስከረም 1945 ጀምሮ በፌዴሬሽን የተያያዙ ሁለት አገሮች እንዴት በኅዳር 1955 አንድ ተደረጉ፣ ያኔስ ሕዝቡ ተጠይቆ ነበር ወይ፣ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት በአንድ ቤተሰብ ላይ ምን አደረገ የሚሉት ጥያቄዎች በአንድ የተሳሳተ ጥቅስ ይዘጋሉ። ወረቀቱን አጣምሞ ማስታወስ የራስን ታሪክ ላለማንበብ ጥሩ መሸሸጊያ ነው።

ይህን ስል የተቃዋሚዎቹን ክርክር ማቃለሌ አይደለም። የእነሱ ጠንካራ ክርክር ስለ ባርነት የሚወራው አይደለም። ጠንካራው ክርክር «ማን ይጠየቅ?» የሚለው ነው። ሰኔ 1983 በአዲስ አበባ በተደረገው የሽግግር ጉባኤ ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው የተገኙት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የኤርትራን መለየት ተቃወሙ፤ ጉባኤው በዚህ ላይ ለመወሰን የሕዝብ ውክልና የለውም አሉ። አዳራሹ ከእሳቸው ጋር አልነበረም። ታህሣሥ 26 ቀን 1985 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ በነበሩበት ቀን የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሕዝበ ውሳኔውን ተቃውመው ሰልፍ ወጡ፤ ተተኮሰባቸው፣ ሰው ሞተ፣ ግቢው ተዘጋ። በዚያው ዓመት ከ40 በላይ መምህራን ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ፤ አሥራት አንዱ ነበሩ።

ይህ የሆነው ድምፁ ከመሰጠቱ በፊትና በሰሞኑ ነው። እንግዲህ ሁለት ነገር ለየብቻ እንያዝ። አንድ፣ የሚለየው ሕዝብ ብቻውን ሊጠየቅ ይገባል የሚለው አቋም መከላከያ አለው፤ ልጅ ጎጆ ሲወጣ መንደሩ ሁሉ ድምፅ አይሰጥም። ሁለት፣ የሚቀረው ሕዝብ ድምፅ አይኑረው ቢባል እንኳ አፍ ይኑረው። ድምፅ መንፈግና አፍ መዝጋት አንድ አይደሉም። በ1985 ዓ.ም. ሁለቱ ተደባለቁ። ሰልፉ ላይ ባይተኮስ፣ መምህራኑ ባይባረሩ፣ የኤርትራ መለየት አይቀርም ነበር፤ የምንከራከርበት መንገድ ግን ሌላ ይሆን ነበር። ተፈርዶበት ዝም እንዲል የተደረገ ክርክር አይሞትም፤ ጥቅስ አጣምሞ ይመለሳል። «ባርነት ወይስ ነጻነት» የሚለው ሐሰተኛ ጥቅስ የዚያ የታፈነ ክርክር ልጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሥነ ጽሑፋችንም እዚህ ላይ ዕዳ አለበት። የኤርትራን ጦርነት የያዘ ትልቅ ልቦለድ አለን፤ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ደራሲውን አስከፍሎታል። የድምፁ ቀን ግን የጦርነቱን ያህል ገጽ አላገኘም። ለ«አይደለም» የመረጡት 1,822 ሰዎች እነማን ነበሩ? ምን አስበው ነበር? ቤታቸው ገብተው ለልጆቻቸው ምን አሉ? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ቢጻፍ ከመቶ የፖለቲካ መግለጫ የበለጠ ያስተምር ነበር።

ከጥያ ሲታይ

የምጽፈው ከጥያ ነው። ጥያ ሶዶ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰው የሚያውቃት በትክል ድንጋዮቿ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በእኛ ደብዳቤዎች ራስጌ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል ማለት ይቻላል። «ደቡብ» የሚለው «ማዕከላዊ ኢትዮጵያ» ሆነ፤ «ጉራጌ ዞን» የሚለው «ምሥራቅ ጉራጌ ዞን» ሆነ፤ ዋና ከተማችንም ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ዞረ። ለአንዱም ለውጥ ሳጥን ውስጥ ወረቀት አልከተትንም። ሲዳማ ወረቀት አየ፣ ወላይታና ጋሞ አዩ፤ ወላይታማ ሰኔ 12 ቀን 2015 እንደገና አየ። እኛ ጋ ግን ክርክሩ ነበር፣ ወረቀቱ አልነበረም።

የጉራጌ ጉዳይ ሁለት የቀደሙ ምዕራፎች አሉት። የመጀመሪያው የስልጤ ነው። ስልጤ ከጉራጌ ጋር ሲቆጠር ኖሮ «እኔ ጉራጌ አይደለሁም» አለ፤ በ1993 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በከፍተኛ አብላጫ የራሱ ማንነት ታወቀለት፤ ወራቤ ላይ የራሱ ዞን ተቋቋመ። የተጠየቀው ስልጤ ብቻ ነው፤ ሌላው ጉራጌ አልተጠየቀም። በዚያን ጊዜ «ከእኛ ጋር ስለኖሩ እኛም እንጠየቅ» ያለ ሰው የአሥራትን ጥያቄ በትንሹ እየደገመ ነበር። ዛሬ ወራቤና ቡታጅራ ጎረቤት ናቸው፤ ገበያው አንድ ነው፣ ጋብቻው አልተቋረጠም። ይህ የሚያሳየው መለየት ሁሉ መቆረጥ እንዳልሆነ ነው። ወረቀቱ ላይ ማንነት ተከፈለ፤ ሐሙስ ገበያ ላይ በርበሬ የሚሸጠው ሰው ግን ያው ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ኅዳር 2011 ነው። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ጉራጌ ክልል ይሁን ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። አንቀጽ 47 ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በግልጽ ያስቀምጣል፤ ጥያቄው በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል፣ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ሲዳማ ይህን አንድ ዓመት እንደ መፈክር ይዞት ነበር። ቀነ ገደቡ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ስለነበር «11/11/11» ሆኖ ግድግዳ ላይ ተጻፈ፤ ቀኑ ሲያልፍ ደም ፈሰሰ፤ ከወራት በኋላ ወረቀቱ መጣ። ለጉራጌ ግን ዓመቱ አለቀ፣ ሌላ ዓመትም አለቀ፣ ወረቀት የለም። ከሕግ አንጻር ለሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ወገን የለም። ሰነዱ «ያደራጃል» አለ፤ አልተደራጀም።

ከዚያ «ክላስተር» መጣ። እስቲ ይቺን ቃል ቆም ብለን እንያት። ክላስተር ወደ አማርኛ የገባው በመሥሪያ ቤት በኩል ነው። ትምህርት ቤቶች በክላስተር ይደራጃሉ፤ የስንዴ ማሳ በክላስተር ይዘራል፣ በአማርኛ ኩታ ገጠም ይባላል። ኩታ ገጠም የሚያምር ቃል ነው፤ ማሳዎቹ ይገጥማሉ፣ የእያንዳንዱ ገበሬ ድንበር ግን በቦታው ነው። ክላስተር ሲባል ግን ድንበሩ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሰው ወደ ክላስተር ጎጆ አይወጣም፣ ከክላስተርም አይፋታም። ቃሉ ዘመድ የለውም። ለዚህ ይመስለኛል ክርክሩ ያለ ልክ የመረረው፤ ደጋፊው «አንድነት» እያለ ይተረጉመዋል፣ ተቃዋሚው «መዋጥ» እያለ ይተረጉመዋል፣ ቃሉ ራሱ ግን ማንንም አያርምም።

የደጋፊዎቹን ክርክር በሚገባው ክብር ላስቀምጥ። እያንዳንዱ ብሔር ክልል ልሁን ካለ መጨረሻው የት ነው? ክልል በጀት ነው፣ ቢሮ ነው፣ መኪና ነው፤ ገበሬው ላይ የሚወድቅ ነው። ጎረቤት ሕዝቦች አንድ ላይ ቢሆኑ ይጠነክራሉ። በምሥራቁ በኩል ደግሞ የተለየ ብሶት ነበር። ሶዶ፣ መስቃን፣ ከሰባት ቤት የተለየ ቋንቋና ሥርዓት አለን፣ ወልቂጤ ርቆናል የሚል። ይህ የፈጠራ ብሶት አይደለም። ክስታንኛ የሰባት ቤት ቋንቋ አይደለም፤ የክስታኔ ጎርደና ሴራና የሰባት ቤት የጆካ ቅጫ እህትማማች ቢሆኑም አንድ አይደሉም። «ጉራጌ አንድ ነው» የሚለው መፈክር ይህን ሲረሳ ራሱ ትንሽ ክላስተር ይሆናል።

ደጋፊው አንድ ተረት ይወዳል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»። እውነት ነው፣ ግን ተረቱን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ድሩ የሚያብረው ለማሰር ነው፤ አንበሳ አለ። ለአንድነት ስንቀሰቅስ አንበሳው ማን እንደሆነ ካልተናገርን የምናስረው ራሳችንን ሊሆን ይችላል።

ተቃዋሚውም ጠንካራ ነገር ነበረው። ሥርዓቱ ተጽፏል፣ እኛም ተከትለነዋል፣ ለሌላው የሆነ ለእኛ ለምን አይሆንም? ነሐሴ 2014 በወልቂጤና በሌሎች ከተሞች ሰዉ ቤቱ ተቀመጠ። ሱቅ ተዘጋ፣ መንገዱ ጭር አለ። ይህን አድማ እንደ ጽሑፍ ካየነው በጣም የሚገርም ነው። ንግድ የሚያውቅ ሕዝብ ሱቁን ሲዘጋ ከማንኛውም መግለጫ የበለጠ ዓረፍተ ነገር ጻፈ ማለት ነው። ወረቀት ስላልተሰጠው በበሩ መዝጊያ ድምፅ ሰጠ።

ኅዳር 2015 ደግሞ የዞኑ ምክር ቤት ተሰብስቦ ክላስተሩን በ52 ለ40 ድምፅ ውድቅ አደረገ። ይህን ቁጥር ቀስ ብዬ ነው የማነበው። በአራት ዓመት ውስጥ ሙሉ ድምፅ ወደ 52 ለ40 ተቀየረ። በአገራችን የመለያየት ድምፆች ታሪክ ውስጥ ይህ እንግዳ ቁጥር ነው። 99.83፣ 98.51 የለመደ ዓይን 52 ለ40ን ሲያይ «ተከፋፈሉ፣ ተዳከሙ» ይላል። እኔ ግን የጉራጌ ምክር ቤት ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ለማንበብ የሚገባው ይህ ነው እላለሁ። ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው አልተስማሙም፤ አለመስማማታቸውም ተቆጠረ። 99 በመቶ ክርክሩ ሌላ ቦታ እንዳለቀ ይነግረናል፤ 52 ለ40 ክርክሩ እዚያው እንደነበረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ያሳዝናል። 52ቱ አሸንፈው አልተሰሙም። ሲዳማ ወጥቷል፣ ደቡብ ምዕራብ ወጥቷል፣ ደቡብ ኢትዮጵያ ወጥቷል፤ ከአሮጌው ቤት የቀረው ነሐሴ 13 ቀን 2015 ሆሳዕና ላይ «ማዕከላዊ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተመሠረተ፣ ጉራጌም ውስጡ ሆኖ ተገኘ። መውጣት የጠየቀ ሰው ሌሎቹ ሁሉ ስለወጡ ቤቱ ውስጥ ቀረ። 40ዎቹም ቢሆኑ ተሸንፈው ያሸነፉ ይመስላሉ እንጂ አልተሰሙም፤ ምክንያታቸው ማንም ሳይጽፈው ቀረ፤ አንዱ ወገን «ሆድ አደር» ብሎ ደመደመው፣ ሌላው ወገን ካሸነፈ በኋላ ምክንያት አላስፈለገውም። 92 ሰው ተነሥቶ እጁን አውጥቷል፤ ከ92ቱ የአንዱን እንኳ ሙሉ ክርክር ታትሞ አግኝቼ አላነበብኩም። ይህ የፖለቲካ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የጽሑፍ ባህላችን ጉድለት ነው።

የሌላ አገር 52

በአጋጣሚ 52 የታወቀ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 2016 ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቅር ስትባል 51.9 በመቶው ትውጣ፣ 48.1 በመቶው ትቅር አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ዓመት ተኩል የምክር ቤት ጭቅጭቅ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ወደቁ፣ ፍርድ ቤት ገባበት፣ በመጨረሻ ጥር 31 ቀን 2020 ወጡ። እኛ አገር ብዙ ሰው ያንን ሲያይ ሳቀ፤ «ሕዝብ ከወሰነ በኋላ ምን ያከራክራል?» አለ።

እኔ ቅናት ቢጤ ነበር የተሰማኝ፤ በሥርዓታቸው አይደለም፣ እሱም ብዙ ተንገጫግጯል። የቀናሁት ክርክሩ በተጻፈበት ፍጥነት ነው። አሊ ስሚዝ የምትባል ስኮትላንዳዊት ደራሲ ድምፁ በተሰጠ በወራት ውስጥ፣ በዚያው ዓመት፣ «መጸው» የሚል ልቦለድ አሳተመች። ማን ትክክል ነበር የሚል ክርክር አታበዛም። አንድ መንደር ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት ሲኮራረፍ ታሳያለች። የአንድ ቤት ፊት ላይ ነዋሪዎቹን ወደመጣችሁበት ሂዱ የሚል ጽሑፍ ይጻፋል፤ ሥሩ ደግሞ ቤታችን ነን የሚል ጨዋ መልስ በቀለም ይጨመራል። ይሄው ነው። ከወረቀቱ ላይ ያሉት ሁለት ምርጫዎች ከሳጥን ወጥተው ግድግዳ ላይ ሲነጋገሩ ማለት ነው። ጎጆና እርግብ እንዲህ ሲነጋገሩ የሚያሳይ የአማርኛ ልቦለድ ያስፈልገናል፤ ከሶዶ ወይም ከቸሃ ቢነሣ ደግሞ ምን ያህል ደስ ባለኝ።

እንግሊዞቹን ማወደሴ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። የእነሱ ወረቀትም ጉድለት ነበረበት። «ትውጣ» ምን ማለት እንደሆነ አልጻፈም፤ ከገበያው ነው፣ ከሕጉ ነው፣ ወይስ ከሁሉም? ጥያቄው አጭር ስለሆነ መልሱ ዓመታት ፈጀ። የእኛ አንቀጽ 39 በዚህ ይሻላል፤ ሦስት ዓመት ይሰጣል፣ የንብረት ክፍፍል ይደረጋል ይላል። ጽሑፉ ከተግባሩ ይበልጣል። ሕጋችንን ማንበብ ከቻልን ብዙ ነገር አለው።

የማይነበብ ድንጋይ

ጥያ ላይ 36 ሐውልቶች ቆመዋል፤ 32ቱ ተቀርጾባቸዋል። ዩኔስኮ በ1972 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው የምልክቶቹ ትርጉም አብዛኛው እንዳልተፈታ አብሮ መዝግቧል። ጎራዴዎቹ በግልጽ ይታያሉ፤ ሌሎቹን ሰው እንደየስሜቱ ይተረጉማቸዋል። አንዱ እንሰት ነው ይላል፣ አንዱ ሌላ። ከሥራቸው መቃብር ተገኝቷል። የቀረጹዋቸው ሰዎች ምን ለማለት እንደፈለጉ የሚነግረን አጃቢ ጽሑፍ ስለሌለ ማንም ተነሥቶ የራሱን ታሪክ ሊሰቅልባቸው ይችላል፤ ብዙዎቹም ሰቅለውባቸዋል።

ሻፌታ፣ ጎጆ፣ እርግብም እንዲሁ ሊሆኑ ይችላሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ሰው የ2015ን ወረቀት አግኝቶ እርግቧን ሲያይ ሰላም ተመረጠ ብሎ ይጽፍ ይሆናል። እርግቧን የመረጠው ሰው ምን ተስፋ አድርጎ ነበር፣ ጎጆን የመረጠው ምን ፈርቶ ነበር የሚለው አብሮ ካልተቀመጠ ምልክቱ ብቻውን ድንጋይ ነው።

ስለዚህ አንድን የመለያየት ድምፅ ስናነብ ሦስት ነገር እንጠይቅ እላለሁ። ጥያቄውን ማን ጻፈው፣ በምን ቃል? ማን ተጠየቀ፣ ያልተጠየቀውስ የመናገር ቦታ ነበረው? «አይደለም» ያለው ሰው ድምፅ የት ተቀመጠ? በመጀመሪያው ጥያቄ የኤርትራ ወረቀት ከሚወራበት ይሻላል። በሁለተኛው ሁላችንም ወድቀናል፤ 1985 ላይ በጥይት፣ 2015 ላይ በዝምታ። በሦስተኛው ገና ፈተናው ላይ አልተቀመጥንም።

በየጆካም ሆነ በጎርደና ሽማግሌ የተቃወመን ሰው «ተናገር» ይለዋል፤ እስኪጨርስም ይሰማዋል። ፍርዱ ከእሱ ጋር ባይሄድም ቃሉ ሸንጎው ውስጥ ይቀራል። ይህን ባህል ወደ ወረቀት ማምጣት የምክር ቤት ሥራ ብቻ አይደለም፤ የመጽሔትም ሥራ ነው። 52ቱም 40ዎቹም በሕይወት አሉ፣ ስልካቸው ይሠራል። ለምን እንዲያ ድምፅ እንደሰጡ በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ በወልቂጤም በቡታጅራም ይጻፉ። የተጻፈውን እኛ እናንብበው፣ እንከራከርበት። ክልሉ የት ይሁን የሚለው ክርክር ነገ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ከዜሮ እንዳንጀምር።